ቆመን የጠየቅነው ደብዳቤ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፣ 1989 (በፈረንጅ 97)

ፓርኪንጉን ዞሬ ገባሁ። ጉልበት ደህና። የዳላሱ ሰፈራችን ሌክ ሃይላንድስ ዛሬ ነፋስ ብቻ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ውሻውን አሁንም ደረጃ ላይ ያስራል። ነግሬዋለሁ። በአማርኛ ቢሆንም ገብቶታል።

ስማ ደብተር። እኔ እናገራለሁ፣ ሊዲያ ትጽፋለች። የልጄ የብርሃኔ ልጅ ናት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ቀኑን በኛ ጻፊ አልኳት፣ የፈረንጁን በጎን ሰካች።

ዛሬ ከኮሌጅ አኩርፋ መጣች። ያለችበት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው፣ ልትጨርስ ነው። ከዚያ ወደ ትልቅ ኮሌጅ መዛወር ትፈልጋለች። ትራንስፈር ይሉታል። የመረጠችው ሰሜን፣ በረዶ አገር። ከብዙ ጠያቂ ጥቂት ሰው የሚቀበል። አማካሪዋ የሚፈልጉትን ነገረቻት። ማርክ። አላት፣ ሁሉም ኤ። የሃይስኩሉ ሳይሆን የአሁኑ ነው ይበልጥ የሚታየው። ከባድ ከባዱን ኮርስ መውሰድ። ወስዳለች። ለምን እንደምትለቅ፣ ለምን እዚያ እንደምትሄድ መጻፍ፤ ያለችበትን ት/ቤት ሳትሰድብ። ይሄ ገባኝ። ቤት የቀየረ ሰው የድሮ አከራዩን አያማም።

ከዚያ የመምህር ደብዳቤ። የሚያውቃት መምህር። እዚህ ላይ ተያዘ። የኬሚስትሪ መምህሯን ጠየቀች። ሴትዮዋ እጽፋለሁ፣ ግን አጭር ነው የሚሆነው አለቻት። ማርክሽን አውቃለሁ፣ አንቺን አላውቅሽም። ከኋላ ትቀመጫለሽ፣ ጠይቀሽ አታውቂም፣ ቢሮዬ መጥተሽ አታውቂም።

ጨዋ ስለሆነች ነዋ። መምህር ሲናገር ዝም ማለትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በኛ አገር ማትሪክ ያለፈ አለፈ፤ ድምፁን ማን ጠየቀው። እዚህ ዝም ያለ ሰው የሌለ ነው የሚመስላቸው። ተናደድኩ። ማርች ሲገባ ወረቀቱ ሁሉ መላክ አለበት። አጭር ደብዳቤ ይዛ ከሄደች ቀረ ማለት ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቸርች። ስብከቱ ረዘመ። ከዚያ ከታፈሰ ጋር ውጭ ቆመን አወራን። ታፈሰ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ የጠጣ ነው። ምን እንዳወራን ዛሬ አልነግርህም ደብተር። የምትጽፍልህ ልጅ ጆሮ አላት። ምንድን ነው አባባ ትላለች። ጻፊ ብቻ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11፣ ከእራት በፊት

አሁን እነግርሃለሁ። ሄድን። መምህርቷ ጋ፣ ሽማግሌ ሆነን። እኔ፣ ታፈሰ፣ ከቸርች ደግሞ አቶ መኮንን። ሱፍ ለብሰን፣ ክራባት አስረን።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። አንሺው አልኩ። አነሳች። ፊቷ ቀልቷል።

የመምህርቷ ቢሮ ጠባብ። ፀጉሯ ሽበት፣ መነጽሯ በገመድ። ተቀመጡ አለች። አልተቀመጥንም። ሽማግሌ እሺ ሳይባል ይቀመጣል እንዴ። ታፈሰ አስረዳት። በሩን አየች፣ እኛን አየች። ልንከሳት የመጣን መስሏት ነበር፣ ታፈሰ ኋላ ነገረኝ። ጉዳዩ ሲገባት ከወንበሯ ተነሳች። እኛ ቆመን፣ እሷም ቆማ። ከአሁን ጀምሮ መምህርቷን እርሳቸው ብለሽ ጻፊ።

ታፈሰን እንዲህ በልልኝ አልኩት፦ «ልጄን አላውቃትም ብለዋል። እኛ እናውቃታለን። ይጠይቁን፣ እንመልሳለን፣ እርስዎ ይጻፉ።»

ጠየቁ። «ኬሚስትሪ ለምን ወደደች?»

እኔ የማውቀው ስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ሽሮ ሲያቃጥል እንደማትወድ፣ እናቷ የታመመች ጊዜ ቤቱን ማን እንደያዘ ነው። ይሄን አላውቅም። መኮንን ጣሪያ ያያል። ጎበዝ ስለሆነች ነው አልኩ። ፈገግ አሉ። በዚህ ደብዳቤ አይጻፍም፣ ሐሙስ ራሷ ትምጣ አሉ። እሺም አልተባልን፣ እምቢም አልተባልን። ሳንቀመጥ ወጣን።

ሊዲያ እያለቀሰች ነው የምትጽፈው። አዋረዱኝ ማለት አምሯታል። ምነው አባባ፣ ሳይነግሩኝ አለች፣ በቃ። ሽማግሌ የተላከለት ሰው አይዋረድም። ይህንንም ጻፊ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሄደች። ቆይታ መጣች። መምህርቷ ወንበር ሰጧት። ተቀመጠች። ከዚያ ተናገረች። ለኔም ድገሚው አልኳት። አፈረች። ስጽፈው አነበዋለሁ አለች። ኦኬ። የነገረቻቸው ይሄ ነው።

እናቷ ብርሃኔ ኧርቪንግ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። የማጽጃው ፈሳሽ እጇን ይልጠዋል። ጓንት ብታደርግም ይገባል። ሊዲያ አንድ ቀን ባዶውን ጠርሙስ አምጥታ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ከመጽሐፏ ጋር አስተያየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እጅ የማይልጥ ማጽጃ መሥራት ትፈልጋለች። አሁን ባለችበት ኮሌጅ ከሁለተኛ ዓመት በላይ ላብራቶሪ የለም። እዚያ ሰሜን ይህንኑ የሚመራመር መምህር አለ። ሶ፣ የምትሄደው ለዚህ ነው።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። አንድ ቤት ስንኖር አልሰማሁም ነበር። ብርሃኔም አልሰማችም። በሩ ላይ ቆማ ሰማች፣ እጆቿን ኪሷ ከተተች።

መምህርቷ ይህንኑ ድርሰትሽ ላይ አስገቢው፣ እኔም ስለዚሁ እጽፋለሁ ብለዋታል። ማርክ ያለው ብዙ ነው፣ የሚፈልጉት የሚሄድበትን የሚያውቅ ሰው ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ ስሙ ትልቅ ስለሆነ የምትሄድ መስሎኝ ለሰው አውርቼ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ፖስታ ቤት። ተላከ። ደብዳቤው ታሽጎ ነው የሄደው፣ እሷም አላየችው። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም አሉ የሚል ቢኖርበት ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ቆየን ደብተር። ልጅቷ ፈተና ላይ ነበረች።

የሰሜኑ ኮሌጅ ፖስታ መጣ። ወፍራም ነው። ተቀብለዋታል፣ ከትምህርት ክፍያውም አብዛኛውን ይከፍሉላታል። ብርሃኔ ሶፋው ሥር ተንበርክካ ጸለየች። እኔ ፓርኪንጉን ዞርኩ። ለባለ ውሻው ነገርኩት፣ በአማርኛ። እጄን ጨበጠኝ።

ማታ ሊዲያ ሌላ ወሬ አመጣች። እዚሁ ዳላስ ያለው ትልቅ ኮሌጅም ተቀብሎኛል፣ እዚሁ ብማርስ አባባ። እማዬ ሥራ ናት፣ እርስዎን ማን ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ ደብተሩን ማን ይጽፋል። ያ መምህር እዚህ አለ ወይ አልኳት። የለም። ያ ላብራቶሪስ። የለም። ታዲያ ምን ታወሪያለሽ።

ትሄዳለች ብለሽ ጻፊ አልኳት። አልጽፍም አለች። ይኸው እምቢታዋን ራሷ ትጻፈው።

ሦስት ሽማግሌ ቆመን ያላገኘነውን፣ እሷ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘችው። እንግዲህ እኔ አፌን ልዝጋ። ከዚህ በታች ያለው የኔ ቃል አይደለም ደብተር። የራሷ ነው።

ሊዲያ ነኝ። አባባ እያዩኝ ነው። እሄዳለሁ። ደብተሩን ይዤው ነው የምሄደው። እሑድ እሑድ ኮል ሳደርግ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ።