ስለ ወ/ሮ ዑሙልኸይር ፈረጅ ሕልፈትና ሳይላክ ስለቆየው ደብዳቤያቸው ከጨፋ የርቀት ጥገና ማዕከል የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የማዕከላችን የዲጂታል መንታ ክፍል ኃላፊ ወ/ሮ ዑሙልኸይር ፈረጅ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም በ51 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ጀናዛቸውም በዕለቱ ከዐስር ሶላት በኋላ በከሚሴ ተቀብሯል። የማዕከሉ አመራርና ሠራተኞች ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ ቢሯችንም ጠያቂ አጥቶ ጭር ብሎብናል።

ወ/ሮ ዑሙልኸይር የተወለዱት በሰንበቴ ከከብት ነጋዴ ቤተሰብ ሲሆን፣ በጨፋ ሸለቆ የመስኖ ፓምፖችን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ጠግነዋል። ባሕር አይተው አያውቁም። ሆኖም በ2015 ዓ.ም ለቅጥር ቃለ መጠይቅ በቀረቡ ጊዜ ስለ መርከብ ካነሱት ጥያቄ ብዛት የተነሳ ጠያቂዎቹ እኛ ሳንሆን እርሳቸው እንደነበሩ የዕለቱ ቃለ ጉባኤ ያሳያል።

ማዕከሉ በሐይቅ ዳር የሚገኝ የመርከበኞች ማሰልጠኛ የሚጠቀምበትን የመርከብ መንዳት ሲሙሌተር ከሚሴ ሆኖ ይጠግናል። ሥራው የሚከናወነው በዲጂታል መንታ፣ ማለትም የማሽኑን ጠባይ በኮምፒውተር ውስጥ በያዘ ቅጂ ነው። ማሽኑ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የሚልኩትን መረጃ መንታው ይቀበላል፤ ማሽኑ ጤነኛ ቢሆን ምን ሊያሳይ እንደሚገባም ያውቃል። ሁለቱ ከተለያዩ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም ሟች የዳጉን ደንብ በሥራችን ውስጥ አስገቡ። ዳጉ የአፋር መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ የሚነጋገሩበት ወግ ነው፤ ሟች ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር በሰንበቴ ገበያ ሲውሉ ያወቁት ነው። በደንቡ መሠረት ማንም ባለሙያ ስክሪን ከመክፈቱ በፊት በዚያ ወገን ላለው ቴክኒሻን ደውሎ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጠይቃል። እርሳቸው የሚጀምሩት በኦሮምኛ «አከም ቡልተን?»፣ እንዴት አደሩ፣ ብለው ነበር። የማሰልጠኛው ቴክኒሻን አቶ አብዱሰላም ቋንቋውን ባይችሉም «ነገያ»፣ ደህና፣ ብለው መመለስ ለምደው ነበር።

በ2016 ዓ.ም «መሬት ላይ የተተከለና ንቅንቅ የማይል ክፍል ውስጥ ሰው ለምን ያጥወለውለዋል?» የሚል ጥያቄ አነሱ። ስንስቅባቸው ከረምን። እርሳቸው ግን አራት ወር ተከታትለው፣ በስክሪኑ ላይ ያለው ባሕር ከመሪው ጥቂት ዘግይቶ እንደሚዞር ደረሱበት። ከተስተካከለ በኋላ በሠልጣኞች ላይ ይታይ የነበረው ማቅለሽለሽ በጣም ቀንሷል።

ሐምሌ 2017 ዓ.ም የመሪው ሴንሰር በአዲስ ተተካ። ከዚያ በኋላ መሪው ቀጥ ብሎ ሲያዝ መንታው ዜሮ ሲል ማሽኑ ሁለት ዲግሪ ወደ ቀኝ ማለት ጀመረ፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉም አላስቀምጥ አለን። ሟች በሕክምና ላይ ስለነበሩ ጉዳዩን የያዝነው እኛ ነን። እንደ አገራችን ልማድ ሁለቱን ወገን አስታረቅን። ከዚያም ከዚህም አንድ አንድ ዲግሪ አስለቅቀን መሀል ላይ አስማማናቸው። ደወሉ ዝም አለ፤ እኛም ደስ አለን።

ነሐሴ ላይ በተሰጠው ፈተና ሦስት ሠልጣኞች መርከባቸው ወደ ቀኝ እየሸሸባቸው ጠባቡን መተላለፊያ ሳያልፉ ወደቁ። ማሰልጠኛው ሲጠይቀን «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የመሪ አያያዝ ነው» ብለን ጻፍን። ሠልጣኝ ረቢአ በድሩ በዚህ ደብዳቤ ምክንያት ከሥልጠና ተሰናብታ ባቲ ወደሚገኙት ቤተሰቦቿ ተመልሳለች። ሁለቱ ጓደኞቿም እንዲሁ ተሰናብተዋል።

መስከረም 2018 ዓ.ም ሟች ወደ ሥራ ሲመለሱ ዳጉ ጠየቁ። ጥሪው ግማሽ ቀን ወሰደ። በመጨረሻ አቶ አብዱሰላም፣ አሰልጣኞች የመሪውን መሀል ለማወቅ የሚለጥፉትን ነጭ ፕላስተር ሰሞኑን ትንሽ ወደ ግራ አዛውረው እንደለጠፉት ነገሯቸው። «ይሄም ይወራል ብዬ አላሰብኩም» ነበር ያሉት። ስለ ፕላስተር ደግሞ የሚናገር ሴንሰር የለም። መርከቡ ቀጥ የሚለው መሪው ጥቂት ወደ ግራ ሲያዝ ብቻ እንደሆነ፣ አዲሱ ሴንሰርም ተጣሞ መገጠሙ በዚሁ ታወቀ፤ ማሽኑም መንታውም በዚያው ቀን ተስተካከሉ።

በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ ሟች የተናገሩት በቃለ ጉባኤ እንዲህ ሰፍሯል፦ «ኧረ በአላህ፣ መች ተጣሉና ነው ያስታረቃችኋቸው? አንዱ ተሳስቶ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን። አሁንም እነዚያ ልጆች ይጠሩ።» የነሐሴውን ደብዳቤ የሚሽር ሌላ ደብዳቤም አርቅቀው ለፊርማ አቀረቡ። ረቂቁ የማዕከሉን ስም ያጎድፋል በሚል ሦስት ወር ሳይፈረም ቆየ። ሟች በየሳምንቱ «ተላከ ወይ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የጠየቁትም ከሐኪም ቤት ደውለው ነው። ረቂቁን በመሳቢያው ያቆየው የዚህ መግለጫ ፈራሚ ነው። ያሳፍረኛል።

ማዕከሉ ለባለቤታቸው ለአቶ ፈይሰል፣ ለልጃቸው ለአሚራ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለአቶ አብዱሰላም መጽናናትን ይመኛል፤ አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። በጠረጴዛቸው ላይ ያገኘነው ደብተር መልስ ባላገኙ ጥያቄዎች የተሞላ ነው። ከእነዚህም መካከል «የባሕር ውኃ ምን ምን ይሸታል?» የሚል ይገኝበታል። ደብተሩ በክፍሉ ይቀመጣል፤ ጥያቄዎቹም ይቀጥላሉ።

ደብዳቤያቸው አንድ ቃል ሳይለወጥ ዛሬ ጠዋት ተፈርሞ ለማሰልጠኛው ተልኳል። ማሰልጠኛው ሦስቱን ሠልጣኞች መልሶ እንዲፈትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሠልጣኝ ረቢአ፣ አንቺም ሁለቱ ጓደኞችሽም፦ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ነበር።

ጀሚል ነጂብ
የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም