መጋረጃ የለበሰው ዱባ

መስከረም 14
ከቢሮ ገብቼ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እማዬ ጣራ ላይ ወሰደችኝ። ዱባዋ እንደገና ረግፏል... ጣት የምታክል ፍሬ፣ ቢጫ ሆና። የካዛንቺሱ ግቢያችን ፈርሶ እዚህ ፎቅ ላይ ከገባን ወዲህ ያላት እርሻ ይሄው አንድ በርሜል ነው።

"የኢኽላስ ዓይን ነው" አለች።

እትዬ ኢኽላስ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ናቸው። ባለፈው "ይሄ አበባ ሲያምር" ብለው ማሻአላህ ሳይሉ ወረዱ። በቃ፣ ወንጀላቸው ይሄ ነው። እማዬ በዚህ ፎቅ የምታዋራው እሳቸውን ብቻ ነበር!

መስከረም 17
ዱባውን በአሮጌ መጋረጃ ሸፍናዋለች። ሰው እንዳያየው።

ንብ በየት ትግባ? ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ወንድ አበባ አለ፣ ሴት አበባ አለ። ቢጫውን ብናኝ ከአንዱ ወደ አንዱ የምታደርሰው ንብ ናት፤ እሷም ቀለቧን እዚያው ታገኛለች። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንለትም። ድሮ ግቢያችን ዛፍ ስለነበረ ንቡም ሞልቶ ነበር፤ እዚህ ግን ስንት ፎቅ ወጥታ ትምጣ?

"እናቴ ዱባ ስትተክል ንብ ጠርታ ታውቃለች?" አለችኝ።

መስከረም 18
እትዬ ኢኽላስ ደረጃ ላይ "እንዴት አደርሽ?" ቢሏት ዝም ብላቸው አለፈች። አንገታቸውን ደፉ። አፈርኩ።

መስከረም 21
እማዬ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ መጋረጃውን ገለጥኩ። ወንዱን አበባ ቀጥፌ ሴቷ ላይ ነካ ነካ አደረግኩ። መልሼ ሸፈንኩ። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ።

መስከረም 28
ያዘ። እንቁላል አክሏል።

እማዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አየሽ፣ ስሸፍነው ያዘ። የሷ ዓይን ነው አላልኩሽም?"

አበባውን ያነካካሁት እኔ ነኝ አልኳት። "እሺ የኔ ልጅ" አለችኝ። ኡፍ... ሴትየዋን በገዛ እጄ አስፈረድኩባቸው።

ጥቅምት 3
ሌላ ሴት አበባ ፈነዳ። ንዴቱ አልበርድ ቢለኝ የእትዬ ኢኽላስን በር አንኳኳሁ፤ ወንዱን አበባ እርስዎ ያስነኩልን አልኳቸው።

"ተይኝ ልጄ፣ ቢረግፍስ?" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቢረግፍ እማዬ ዕድሜ ልኳን አታናግራቸውም። ቢሆንም ለምኜ ይዣቸው ወጣሁ። መጋረጃውን እማዬ እያየች ገፍፌ ጣልኩና ወንዱን አበባ ሰጠኋቸው። "ቢስሚላህ" ብለው አስነኩት።

ጥቅምት 11
ያዘ። ከመጀመሪያውም ይፋፋል።

ጠዋት ወደ ቢሮ ስወጣ እማዬ ወንድ አበባ ይዛ የእትዬ ኢኽላስ በር ላይ ቆማለች።

"ነይ እንጂ፣ ሌላ ፈንድቷል። ያንቺ እጅ ነው የሚቀናው።"

ንብ፣ ንብ ስል የከረምኩት ገደል ገባ። አልተከራከርኩም።

እትዬ ኢኽላስ አበባውን ተቀበሏት። ከዚያ "ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ" አሉ።