ጋፋት ላይ የጮኸው ጅራፍ

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ መዝገቡ፦

እንደምን ሰነበትክ ልል አሰብኩና ብዕሬን መለስኩ። ተዝካሩን የበላሁለትን ሰው እንዴት ብዬ ጤናውን ልጠይቅ? አዎ፣ በልቻለሁ። ባለፈው ጥቅምት እብናት ላይ ከአርበኞቹ ጋር ወደቀ ተብሎ መርዶህ መጣ። እናትህ እሜቴ አሰለፈችም ያላቸውን አሟጠው ተዝካርህን አወጡ። እኔ ጠላ ስቀዳ ዋልኩ። የጎረቤት ልጅ ከእናት በላይ አታለቅስምና ዓይኔን በጭሱ አሳበብኩ።

ከዚያ አባቴ ስለ ፈንታሁን ማንሳት ጀመሩ። የወንዛዬ መንደር ሰው ነው፤ ጎበዝ ገበሬ፣ አንደበቱም ለስላሳ። ክፋት ባገኝበት እንዴት ደስ ባለኝ! ፍልሰታ እንደተፈታ ሽማግሌ ልኮ ቃል ሊያሳስር ተቀጠረ።

«ልጄ፣ የሞተ እየጠበቅሽ ልታረጂ ነው?» አሉኝ። አባቴን መሪጌታን ታውቃቸው የለም? ሁለታችንንም ፊደል ያስቆጠሩን በዚያው ድምፅ ነው።

በቡሄ ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ምንጭ ወርጄ እንስራዬን እሞላለሁ። ጣሊያን ጅራፍ የጥይት ድምፅ አለው ብሎ ከከለከለ ወዲህ ቡሄያችን ዝም ያለ ነው። ድንገት ከማዶ፣ ከጋፋት ጋራ ላይ፣ ጅራፍ ጮኸ። ሁለቱን አከታትሎ፣ አረፍ ብሎ፣ ሦስተኛውን አጠንክሮ። ልጆች ሳለን «ለምን መሀሉ ላይ ታርፋለህ?» ብልህ «ጋራው እስኪመልስልኝ ነው» ብለኸኝ ነበር። እንዲያ የሚያጮህ ሌላ ሰው አላውቅም።

እግዚኦ መዝገቡ! ጋራው መለሰልህ። ውሃው ከእንስራው አፍ እየፈሰሰ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ፈራሁ ልበል ወይስ ደስ አለኝ? በቅዳሴ የመቅደሱ መጋረጃ ሲገለጥ ሰውነቴን የሚወርረኝ ዓይነት ነገር ነው።

ወዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ጅራፍ መለሰ። ቀጥሎ ከታች ሰፈር፣ ቀጥሎ ከየግቢው። ያ ሁሉ ጅራፍ የት ተደብቆ ነበር? ወታደሮቹ ጦር የመጣባቸው መስሏቸው ወደ ምሽጋቸው ሮጡ፤ መትረየሳቸውንም ወደ ባዶው ጋራ ያንጣጡት ጀመር። እንስራዬን አዝዬ ስመለስ እናትህ ደጃፋቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ይሰግዳሉ። ማንም ምንም አልነገራቸውም። ልጃቸውን በጅራፉ አወቁት።

ለአባቴ ብነግራቸው «ጅራፍ የሚያጮህ እሱ ብቻ ነው?» ብለው ዘጉኝ።

ትናንት ጾሙ ተፈታና ሽማግሌዎቹ መጡ። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ ልጅቱ ጓዳ ሆና ትሰማለች እንጂ አትታይም። እኔ ወጣሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ እጅ ነሣሁና «አባቶቼ፣ በከንቱ አትድከሙ። መዝገቡ በሕይወት አለ። እኔ የእሱ ነኝ» አልኳቸው።

«ተጫጭታችኋል እንዴ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«አዎን» አልኩ።

ዋሸሁ። ያውም በሽማግሌ ፊት፣ ያውም አባቴ ቆመው እየሰሙ። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ተነሥተው ሄዱ። እኔ ዱላ ስጠብቅ አባቴ መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ልጁ ይህን ያውቃል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አያውቅም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጻፊለታ» አሉኝ። ይህን የምጽፍበትን ቀለም የበጠበጡልኝ እሳቸው ናቸው። ነጋዴዋ የሺ እብናት ገበያ ስትወርድ የእናንተን ሰዎች ታገኛለችና እሷ ታደርስልኛለች። አንብበህ አቃጥለው።

እንግዲህ መዝገቡ፣ ሳትጠየቅ ታጭተሃል። አብረን ስናድግ ለአንተ አንድ ቀን ያልተነፈስኩትን ለማላውቃቸው ሽማግሌዎች ተናገርኩት። እወድሃለሁ፤ ይኸው አሁን ለአንተም ነገርኩህ። ከፈቀድክ ጣሊያን እስኪወጣም ቢሆን እጠብቅሃለሁ። እምቢ ካልክ ግን መልእክት አትላክብኝ፤ ራስህ መጥተህ ፊቴ ቆመህ ተናገር። ያኔም ቢሆን አየሁህ ማለት ነው።

ያጨችህ፣
ሙሉእመቤት ሙላቴ