«በመጠባበቅ ላይ» ሲባል የከረመው የእናቴ የደም ውጤት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የዓይን ጤና እመኛለሁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በካርድ ክፍል የሠራሁ፣ እርስዎ አዲስ ሲቀጠሩ ጠረጴዛዬን ያካፈልኩዎት፣ «ጋሼ» ይሉኝ የነበርኩት ሰው ነኝ። ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1. በወረቀቱ ዘመን ውጤት ሲዘገይ ላብራቶሪ ድረስ ሄጄ እጠይቅ ነበር። እግሬን እንዳሳርፍና የአዲሱን የኮምፒውተር ሥርዓትዎን ስክሪን እንዳምን ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ፤ አመንኩ።

2. የእናቴ የደም ምርመራ በሁለተኛው ቀን በላብራቶሪው ሰንጠረዥ «ተጠናቋል፣ አስቸኳይ» ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ፣ የሐኪሟ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ «በመጠባበቅ ላይ» ይል ነበር። ሁለቱ ሰንጠረዦች በአንድ የካርድ ቁጥር የተሳሰሩ ስለሆኑ፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር የውጤቱን ሁኔታ ከላብራቶሪው ሰንጠረዥ አንብቦ ማሳየት ነበረበት። እርስዎ ግን ምርመራው በታዘዘበት ዕለት የነበረውን ሁኔታ አንዴ ገልብጦ እንዲያስቀር አድርገውታል። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ብለው ነው አሉ። እውነትም ቶሎ ይከፈታል፣ እጅዎ ይባረክ።

3. ይህንኑ ጉድለት አምና በሌላ ታካሚ ላይ አይቼ በጽሑፍ ሳመለክት «ተስተካክሏል» ብለው ፈርመው መልሰውልኛል፤ ወረቀቱ እጄ ላይ አለ። እናቴ ራሷን እያመማት ዓይኗ እየደበዘዘ ስታማርር፣ ፊርማዎን አምኜ ውጤቱ ገና ነው እያልኩ አረጋጋት ነበር። ላብራቶሪው ከወንበሬ አምስት በር ነው የሚርቀው። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የላብራቶሪዋ ባለሙያ ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ለእናቴ መድኃኒት ተጀምሮላት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ነው ውጤቱ መድረሱን ያወቅኩት። ያን ዕለት ሁለቱም ዓይኖቿ ጠፍተው ነበር። ሐኪሟ ውጤቱ በጊዜው ቢደርሳት ኖሮ ልታተርፋቸው ትችል እንደነበር ነግራኛለች።

4. በዓመቱ ግምገማ ሥርዓትዎ እንከን የለሽ ተብሎ ሲጨበጨብ እኔም ተነሥቼ አጨብጭቤያለሁ። ጭብጨባዬን ይመልሱልኝ።

መሳሳት በማንም ይደርሳል፤ አንጀቴን ያቃጠለው ያላስተካከሉትን አስተካከልኩ ብለው ለእኔ፣ ለጋሼዎ፣ መፈረምዎ ነው።

ከማይነገር አክብሮት ጋር፣
እርስዎን አምኖ እናቱን ያዘናጋ የካርድ ክፍል ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከሥርዓትዎ ለእናቴ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ደርሷል፤ ውጤቷ መድረሱን ይገልጽና መመሪያውን በጥንቃቄ እንድታነብ ያሳስባል። ምን እንደሚል ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ እኔ አፌ አልታዘዝ ብሎኛልና፣ ቤታችንን ስለሚያውቁት መጥተው ያንብቡላት።