አጎንባሽ አያይም

የኔ ጌታ ወልዴ፣ ከተለየኸኝ ይኸው ሁለት ክረምት አለፈ፣ ሦስተኛው ደጅ ቆሟል። እኔ አለሁ፣ ምላሴም አለች። ልጅህ ተካ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ቀጥሎ ጭቃው ሳይደርቅ ገባበት፤ ሚስቱ አርግዛለች። አጥሩ ወድቋል። አንተ ብትኖር መቼ ይወድቅ ነበር።

ስምህ በተነሳ ቁጥር ግን ወሬው አንድ ነው፤ ወልዴ እኮ ጃንሆይ ያዩት ሰው ነው ይላሉ። ለቅሶህ ላይም ያወሩት ይህንኑ ነው። ሌላው ሥራህ ሁሉ ውሃ በላው።

ያን ቀን የሰፈሩ ሹም፣ ጃንሆይ በአስኮ መንገድ ያልፋሉ ውጡ ብሎ ሲያስለፍፍ አንተ ሳምባህን ታመህ ተኝተሃል። ተው ብዬ እግርህ ላይ ወደቅሁ። "ጃንሆይ ሲያልፉ ተኝቼ?" ብለህ ጋቢህን ደርበህ ወጣህ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝናብ ወረደብን። መኪናው ብቅ ሲል ግንባርህን ጭቃው ላይ ደፋህ። ቀና ስትል መንገዱ ባዶ ነው፤ ጎማውን እንኳ አላየህም። ቤት ገብተን ግን ለጎረቤቱ ሁሉ፣ አዩኝ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን አልክ። እኔ ምላሰኛዋ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ቀበርኩህ።

ሰሞኑን ደግሞ ያልፋሉ ተባለና ወጣሁ። ልሰግድ መስሎሃል? ባሌን ያሳጣኝ ምን እንደሆነ ለማየት ነው እንጂ። ሰው ሁሉ ሲደፋ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ቢጠይቁኝ ጉልበቴን አሞኛል ልል ነበር፤ ማን ይጠይቀኛል፣ አጎንባሽ ማንን ያያል? መኪናው ባጠገቤ አለፈ። ወልዴ፣ ሽማግሌ ናቸው። ካንተ የከሱ፣ የደከማቸው ሽማግሌ። አንገታቸው ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ማንንም አያዩም። አንተ ለዚህ ነው የሞትከው።

ስመለስ የተካ ሚስትና ጎረቤቶቹ ደጄ ላይ ከበቡኝ። ግንባራቸው ላይ ጭቃው አልደረቀም። አዩዎት ወይ፣ እማማ፣ አሉኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩና የነሱን ፊት አየሁ።

"አዩኝ" አልኩ።

እልል አሉ። ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን መች አውቄ። ለካ አንተም እንዲህ ተከበህ ነው ያልከው፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት በሆዴ ስረግምህ ኖርኩ።

እነሱ ጃንሆይ ያዩት ሰው እያሉ ያስቡህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማስብህ ጣራችን ላይ ቀጥ ብለህ ቆመህ ነው፤ ቆርቆሮ ስትመታ፣ ምስማሩን በጥርስህ ነክሰህ፣ ዝናብ መጣ ውረድ ብዬ ስጮህብህ ራስህን ነቅንቀህ እምቢ ስትለኝ።