ስለ ቀላው ማንኪያዬና ስለ ቀሩኝ አራት በጎች

ለተከበሩ አቶ አስፋው፣ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ የሚሽከረከረው አዲስ ወንበርዎ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ ከኬሚካል ፋብሪካው በታች በወንዙ ዳር የምንኖረው፣ ከበጎቻችን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

አንደኛ፣ አምና በፋብሪካው ግቢ ሪባን ስለቆረጡለት መሣሪያ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ያን ቀን በድምፅ ማጉያ እንዳስረዱን፣ ፋብሪካው ሥራውን የሚያፋጥንበት መዳብ እንደ ጨው ሟሙቶ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል፤ መሣሪያው በፍሳሹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ግን መዳቡ ከብረት ሳህን ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ፋብሪካውም መልሶ ይሠራበታል። እኛም አጨበጨብን። ይኸው እስከ ዛሬ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደ ሙሽራ ይገለጣል። አያያዛችሁ ያስቀናል።

ሁለተኛ፣ የመንዝ በግ ብርዱንም ውርጩንም ይችላል፤ መዳብ መጠጣት ግን አልለመደም። ከአሥራ አንዱ በጎቼ ሰባቱ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሽንታቸው ጠቁሮ አለቁ። ሳመለክት ባለሙያ ልካችሁ ውሃውን አስመረመራችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ባለሙያው ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ነው መሰል፣ የቀዳው ከፋብሪካው በላይ ካለው ምንጭ ነው። ውጤቱም «ለሰውም ለእንስሳም ምቹ» ተብሎ በማኅተም መጣ። ጥፋቱ የበጎቼ ነው፤ ማኅተም ማንበብ አይችሉም።

ሦስተኛ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴትዮ ሥራችሁን ሠራሁባችሁ። ትሕትና የምትባለው የኬሚስትሪ መምህርት አሠራሩን አሳየችኝ፤ ነጋዴው ባድሩ የመኪናውን ባትሪ አዋሰን። ከፋብሪካው ቱቦ አፍ በባልዲ ቀድተን፣ ማንኪያዬንና ከባትሪ ድንጋይ ሆድ ያወጣነውን ጥቁር ዘንግ ከመኪናው ባትሪ ጋር በሽቦ አስረን ባልዲው ውስጥ ነከርን። ድንች ቀቅለን እስክንበላ ማንኪያው ቀልቶ መዳብ ለበሰ! እናንተ በዓመት ያላወጣችሁትን እኛ በአንድ ምሳ።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ ላስቲኩን ገልጣችሁ መሣሪያውን አስነሡልን። ከሚወጣው መዳብ ጥቂት ከተረፈም፣ ሥራ ያፋጥናል ተብሏልና ለጽሕፈት ቤቱ ይድረሰው።

ለጥ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ የምለው፣
ጌታነሽ ወዳጆ፣ ከቱቦው በታች

አባሪ፦ አንድ ማንኪያ (የሚመለስ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ምቹ» ያላችሁትን ውሃ፣ በዚህ ጊዜ ከቱቦው በታች ቀድቼ፣ አንድ ጀሪካን በባድሩ መኪና ልኬልዎታለሁ። የቀሩት አራት በጎቼ እርስዎ ቀድመው እስኪቀምሱ እየጠበቁ ነውና፣ እባክዎ አያስጠሟቸው።