የዝቋላን ጎተራ የጻፉ ጋዜጠኛ፦ የአቶ የኔሰው ወልደ ሐዋርያት የሕይወት ታሪክ

አቶ የኔሰው ወልደ ሐዋርያት ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ገብረ አምላክ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ቅጣው በኅዳር ወር 1957 ዓ.ም. በሰቆጣ ከተማ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትም ዳዊት የደገሙትም በአባታቸው ዘንድ ነው። ከአባታቸው አማርኛን፣ ከእናታቸው ኽምጥኛን ስለወረሱ በሰቆጣ ገበያ በየትኛውም ቋንቋ ቢያሟቸው አያመልጣቸውም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰቆጣ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ አጠናቀው በ1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በዲግሪ ከተመረቁ በኋላ በ1985 ዓ.ም. በባሕር ዳር በሚታተም አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በሪፖርተርነት ተቀጠሩ። በ1988 ዓ.ም. ከመምህርት ማርታ አሥራተ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው እስከዳርን እና ምስጋናውን ወለዱ።

በ1996 ዓ.ም. አርታኢ ሆኑ። በአርታኢነታቸው የሚታወቁት በአንድ ነገር ነው፤ ስም የሌለበትን ዜና አያሳልፉም። ጀማሪ ሪፖርተር «አንድ ገበሬ እንደተናገሩት» ብሎ ጽፎ ሲያመጣ፣ «አንድ ገበሬ? እናቱ ስም አላወጣችለትም?» ብለው ይመልሱት ነበር። ይህ ልማዳቸው ብዙ ወጣቶችን አሠልጥኗል። በሕይወታቸው ትልቁን ስሕተት የፈጸሙትም በዚሁ ልማድ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በትውልድ አገራቸው በዋግ ዝናብ በቀረ ጊዜ አቶ የኔሰው ራሳቸው ወደ ዝቋላ ወረዳ ወረዱ። ያሳደሯቸው አቶ ካሤ ዋሴ የሚባሉ ባለማሽላና ባለፍየል ገበሬ ነበሩ። በዚያ አገር ጠዋት ከቤት ጢስ ካልወጣ ጎረቤት ይጠይቃል። ስለዚህ የአቶ ካሤ ባለቤት በየጠዋቱ እሳት አንድደው ድስት ይጥዱ ነበር፤ በድስቱ ውስጥ ግን ውሃ ብቻ ነበረ። እንግዳው ይህን አዩ። በቀጣዩ ሳምንት በጋዜጣው የፊት ገጽ ላይ የአቶ ካሤን ሙሉ ስምና ቀበሌ ጠቅሰው ጻፉት።

ጽሑፉ በቢሮ ተመሰገነ፤ እህል የጫኑ መኪኖችም ወደ ሰቆጣ ወጡ። ነገር ግን የዋግ ሰው ችግሩን በቤቱ ይይዛል እንጂ አደባባይ አያወጣም። ያ ጋዜጣ በሰቆጣ ገበያ ለሕዝብ ተነበበ። የአቶ ካሤን ልጅ ምስራቅን ያጩ ቤተሰቦች «ስሙ በረሃብ ከተጠራ ቤት ጋር አንጋባም» ብለው ሽማግሌ ልከው እጮኝነቱን አፈረሱ። አቶ የኔሰው ይህን የሰሙት ከወር በኋላ ነው። የአገሩ ልጅ ሆነው ሳለ ይህን መዘንጋታቸው ከሁሉ ይልቅ አሳፈራቸው።

በ2009 ዓ.ም. ይቅርታ እንዲጠይቁላቸው ሽማግሌዎች ወደ ዝቋላ ላኩ። አቶ ካሤ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀመጡና፣ «ጠላ ባላቀርብላችሁ አትቀየሙኝ፤ ቤቴ ባዶ መሆኑን በጋዜጣ አንብባችኋል» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቅም እፍረትም ያዛቸው። አቶ ካሤ ካሣ እንዲቆርጡ ቢለመኑም አልፈለጉም። «ሲርበኝ በስሜ ጽፏል። ስጠግብም በስሜ ይጻፍ። ያን ቀን እንታረቃለን» ብለው አሰናበቷቸው።

በ2010 ዓ.ም. መኸሩ ሰመረ። አቶ የኔሰው ወደ ዝቋላ ሄደው የአቶ ካሤን ጎተራ አይተው ጻፉ። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ግን፣ «የኔሰው፣ ገበሬ ጠገበ ብለን ምን ዜና አለው? ሲርበው ንገረኝ» ብለው ጽሑፉን መለሱላቸው። አቶ የኔሰው ሲከራከሩ ሰንብተው በዚያው ዓመት ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ደመወዝ ትቶ መውጣትን ዘመድ ሁሉ እንደ እብደት ቆጠረው። ወይዘሮ ማርታ ግን፣ «እኔ አስተምራለሁ፤ አንተ ጻፍ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ በግላቸው የሚጽፉ ጸሐፊ ሆኑ። ቀድሞ በችግራቸው ወደተጻፈላቸው ሰዎች እየተመለሱ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ ጻፉ፤ በአበርገሌ ፍየሎቿን እንደገና ያረባችውን ሴት፣ በሰሃላ የፈረሰውን ትምህርት ቤት ያቆሙትን ወላጆች በዚህ መንገድ አውቀናል። ለማንም ሰው ጽሑፉን ሳያነቡለት ስሙን አያወጡም ነበር። ስለ አቶ ካሤ ጎተራ የጻፉት ግን ሁለት መጽሔቶች ዘንድ ቀርቦ አንባቢ አያገኝም ተብሎ ተመለሰ። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲዘልቅ የአቶ ካሤ ጎተራ እንደገና ባዶ ሆነ። ኋላ አንድ ድረ ገጽ ያንኑ ጽሑፍ ላውጣ ቢላቸው «አሁን እውነት አይደለም» ብለው ከለከሉ።

በ2016 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተይዘው በባሕር ዳር ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆዩ። ባለፈው ታኅሣሥ በዝቋላ ማሽላው መልካም መሆኑን ሲሰሙ ልሂድ አሉ። ወይዘሮ ማርታ «ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?» ቢሏቸው፣ «ያላየሁትን ጎተራ ሞላ ብዬ ልጻፍ?» ብለው መለሱ። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያም በበቅሎ ተጉዘው ደረሱ። አቶ ካሤ የጎተራውን አፍ ከፍተው፣ «እጅህን እስከ ክንድህ አስገባ፤ በኋላ ዳር ዳሩን ነው ያየሁት እንዳትል» አሏቸው። አስገቡ። አቶ የኔሰው በስማቸው እንደሚጽፉ ቃል ገቡላቸውና በዚያው ደጅ ተቃቅፈው ታረቁ።

ከጉዟቸው ሲመለሱ ሕመማቸው ጸና። ጽሑፉን በአልጋቸው ላይ ጨርሰው፣ ለየትኛውም ጋዜጣ እንዳይላክ፣ ይልቁንም በሰቆጣ በሚፈጸመው ቀብራቸው ዕለት እንዲነበብ ተናዘዙ። ምክንያታቸውንም ሲጠየቁ፣ «የፊተኛውን የሰማ የሰቆጣ ሰው ሁሉ ለቀብሬ ይመጣል። ደግሞ ዋና አዘጋጅ የለበትም» አሉ። ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጅ እና እኅታቸው ወይዘሮ እታገኝ ከኋላቸው ቀርተዋል።

እነሆ የመጨረሻው ጽሑፋቸው፦

«በዝቋላ ወረዳ የሚኖሩት አቶ ካሤ ዋሴ በዘንድሮው መኸር ጎተራቸውን በማሽላ ሞልተዋል። ይህን የጻፈው ሰው በዓይኑ አይቷል፤ በእጁም ዳስሷል። አቶ ካሤ ዘር ላነሳቸው ጎረቤቶቻቸው ከዚሁ እህል ሰጥተዋል። ልጃቸው ምስራቅ ወደ ሰሃላ ተድራ የሁለት ልጆች እናት ናት። አቶ ካሤ የተከበሩ አባወራና የተከበሩ ገበሬ ናቸው።»

ቤተሰቡ ይህ በአደባባይ ይነበብ ዘንድ ፈቃዳቸውን በስልክ ቢጠይቃቸው፣ አቶ ካሤ፣ «ይነበብ። የሚያነበው ሰው ድምፁን ከፍ ያድርግ» ብለዋል።

ቸሩ እግዚአብሔር የአቶ የኔሰውን ነፍስ በጻድቃን ማኅበር ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ ጽናቱን ያድልልን። አሜን።